እሜቴ የወረሰችው ወንበር

ሰፈሩ ሶፋ ሰሪውን አፈ ሚስማር ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ጨርቅ ሲመታ አንድ ጭብጥ ትንንሽ ሚስማር አፉ ውስጥ ይጨምርና በምላሱ አንድ በአንድ ወደ ከንፈሩ እየገፋ ያወጣል። ሁለት እጁ በመዶሻና በጨርቅ ስለተያዘ አፉ እንደ ሦስተኛ እጅ ያገለግለዋል። እስከዚህ ድረስ ነውር የለውም፤ ከሱ በፊት የነበሩት ሶፋ ሰሪዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የእሱ የሚለየው የማይመች ጥያቄ በመጣ ቁጥር እጁ ወደ ሚስማሩ ቆርቆሮ መሄዱ ነው። "የሶፋው ቀጠሮ አለፈ እኮ" ሲባል ሚስማር ይጎርሳል። "ያልኩህ ጨርቅ ይኼ ነው እንዴ?" ሲባል ይጎርሳል። አፉን ከሞላ በኋላ "እምምም" ይላል፤ ጠያቂውም ሰውየው ሚስማር ውጦ እንዳይሞትበት ፈርቶ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ብልህ ፈሪ ተፈልጎም አይገኝ።

ሥራ ቤቱና መኖሪያው አንድ ላይ ናቸው። ወደ መንገድ የሚከፈተው ክፍል ሥራ ቤት ነው፣ ከመጋረጃው ኋላ ያለው መኖሪያ። በመስኮቱ አጠገብ ቀይ የከፋይ ጨርቅ የለበሰ፣ ከላይ ላስቲክ የተሸፈነ አንድ ባለመደገፊያ ወንበር አለ። ሶፋ ሰሪው ራሱን ችሎ የሠራው የመጀመሪያ ሥራው ነው። "ናሙና ነው" ይላል። ደንበኛ ያየዋል፣ ይዳስሰዋል እንጂ አይቀመጥበትም። ሚስቱ አትቀመጥበትም፣ ልጁም ተቀምጣበት አላደገችም። አማቱ አንድ ቀን ልትጠይቃቸው መጥታ ልትቀመጥበት ጎንበስ ስትል በርጩማ አቀረበላት። ምስኪኗ እስክትሞት ድረስ የዚያን በርጩማ ነገር ስታነሳ ኖረች።

ሚስቱ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ሥራው ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም ነው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን እንደ ነገሩ አድርጋ ስትገባ፣ ሥራ ቤቱ ውስጥ ሁለት ደንበኞችና ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ሰላምታ እንኳን ሳትጨርስ ናሙናው ላይ ዘፍ አለች። እንዳጋጣሚ የሰውየው አፍ ባዶ ነበር። መቼም ክፉ ቀን ሲመጣ ሚስማር አይገኝም።

"ተነሺ፣ ተነሺ እንጂ! ስፖንጁን ታረግቢዋለሽ" አላት።

ደንበኞቹ ጫማቸውን አዩ። ፀጉር አስተካካዩ ጣራውን አየ። እሷ ተነሳች፤ እንደ ልብስ ተኳሽነቷ የተጨማደደውን ላስቲክ በመዳፏ አስተካከለችና ወደ መጋረጃው ኋላ ሄደች። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ልጇ ቤት ገባች። ልጅቱ አራስ ስለነበረች ሰፈሩ "ልታግዛት ሄደች" አለ። አራሷ ተነሳች፣ ሥራ ገባች፣ ሕፃኑ ጥርስ አበቀለ፣ ሴትየዋ ግን የለችም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ይህንን ነው።

ሰውየው ጥፋቱን አላጣውም። ሚስቱ እንድትመለስ ይፈልግ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚፈልገው ነገርም አልነበረው። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ፊት ማለ፦ "በእግሯ ሄዳለች፣ በእግሯ ትመለስ። እኔ የዚያን ቤት ደጃፍ ብረግጥ ሰው አይደለሁም።"

"እልህ ምላጭ ያስውጣል" አለው ፀጉር አስተካካዩ። "አንተ ደግሞ ሚስማሩን ስለለመድከው ምላጩም አይከብድህ።"

ልጁ ደወለችለት። "አባዬ፣ አንድ ቃል እኮ ነው። ይቅርታ በላት፣ ትመጣለች።"

በስልኩ ውስጥ የቆርቆሮ ኮሽታ ተሰማ።

"አባዬ፣ ሚስማር ጎረስክ?"

"እምምም።"

"በስልክም?"

እንግዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሱና ድመቷ ናቸው። ድመቷ የሚስቱ ነበረች። የልጁ ባል ድመት ባየ ቁጥር ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑም ቲማቲም ይመስላል፤ ስለዚህ ሴትየዋ ይዛት መሄድ አልቻለችም። ሚስቱ በነበረችበት ጊዜ ሰውየው ድመቷን "ሌባዋ" ነበር የሚላት። ሳህን ስትልስ ካገኛት ውሃ ይረጫታል፣ ጨርቅ ላይ ካገኛት ጫማ ይወረውርባታል። ሌባዋም ይህን ሁሉ አልረሳችም።

ሚስቱ በወጣች ማግስት ድመቷ ሥራ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ቃኘች፣ ናሙናው ላይ ወጣች፣ ላስቲኩን ኮሽ ኮሽ አድርጋ ሞከረችውና ጥቅልል ብላ ተኛች። ሰውየው አወረዳት። ተመልሳ ወጣች። አወረዳት። ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለነበረበት ተዋት። በሳምንቱ ላስቲኩን በጥፍሯ ቆራርጣ ጥላው ከፋዩ ላይ በቀጥታ ተኝታለች። ሰውየው ቁርጥራጩን ለቃቅሞ ጣለና "ያው ላስቲኩም አርጅቶ ነበር" አለ። ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በእሷ ፈቃድ ሆነ። ውሃ በሳህን ቢቀርብላት ታየዋለች፣ ከዚያ እሱን ታየዋለች፣ ከዚያ ሄዳ የሚንጠባጠበው ቧንቧ ሥር አፏን ትከፍታለች። ሰውየው ቧንቧውን ሊያሠራ አስቦ ለእሷ ሲል ተወው። ወተት በሳህን አትጠጣም፤ በእሱ የሻይ ብርጭቆ ከሆነ ግን ጢሟን እያራሰች ትጠጣለች። ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔ መስመር ካሰመረ፣ ከዚያ ሁሉ ሜዳ መርጣ መስመሩ ላይ ትጋደማለች። ሚስማሩን ጠረጴዛ ላይ ከዘራው ደግሞ ዓይን ዓይኑን እያየች በእግሯ አንድ በአንድ ታወርደዋለች። ደንበኛ ዘንድ ውሎ ሲገባ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ ልመናውን እስኪጨርስም አትዞርም። ሚስቱ ከነዚህ አንዱን እንኳን አድርጋ ብትሆን ኖሮ አገር ይያዝልኝ ይል ነበር።

አንድ ቀን ጭራዋን ረገጠ። ድመቷ ጮኸች፣ እሱም እግሩ እንደተቃጠለ ሰው ዘለለ። ቀጥሎ ከአፉ የወጣውን ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ቆሞ ሰማው፦ "ይቅርታ እሜቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አላየሁሽም፣ የኔ እናት።"

"ማንን ነው?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሰውየው እጁን ወደ ቆርቆሮው ሰደደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌባዋ መባሏ ቀርቶ እሜቴ ሆነች። የጥንት አሽከር እመቤቱን እንደሚጠራው ማለት ነው፤ የቤቱ አሽከር ማን እንደሆነም ሰፈሩ አወቀ። ድመቷ ናሙናው ላይ ተንጋላ፣ ሰውየው ለአማቱ ያቀረበላት በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኑን እንዴት እንደዋለ ይነግራታል። "ዛሬ አንዷ ደንበኛ አናደደችኝ እሜቴ" ይላታል። ለሚስቱ አንድም ቀን ያልነገራትን ሁሉ ለእሷ ይነግራታል። እሷም ጉሮሮዋ ውስጥ ሞተሯን አስነስታ ትሰማዋለች፣ ወይም ታንቀላፋለች።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣለት። ለልጁ ሶፋ ሊሠራላት ተነሳ። ለልጁ ይበል እንጂ ማን እንዲቀመጥበት እንዳሰበ እሱ ያውቀዋል። ካለው ስፖንጅ ለስላሳውን መረጠ። ስፕሪንግ አላስገባም፣ ወገብ ያማል ብሎ። ጨርቁን የገዛው ሰማያዊ ነው፤ ሚስቱ ሰማያዊ እንደምትወድ እስከዚያ ቀን ድረስ ማወቁን አያውቅም ነበር። ይቅርታ የሚለውን አንድ ቃል ላለማለት ሲል ሁለት ሰው የሚያነሳው ሶፋ ሠራ። ቃሉ በነፃ ነበር እኮ።

እሜቴ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቆጣጠረች። ሶፋው በፊቱ ተደፍቶ ሆዱ ወደ ላይ ክፍት በነበረበት ሰዓት እንጨቱ መካከል ገብታ ትወጣለች፣ ትገባለች። መጨረሻ ላይ የቀረው ሆዱን የሚደፍነው ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነበር። ሶፋውን የሚጭነው መኪና ደጅ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ሰውየውን ያጣድፈዋል። ሰውየው አፉን ሞልቶ፣ ጨርቁን ወጥሮ፣ ዙሪያውን ቀጠቀጠው። ሶፋው ተጫነ። ሹፌሩ "አብረኸኝ አትሄድም?" ቢለው ሥራ አለብኝ በሚል ዓይነት በመዶሻው ወደ ውስጥ አመለከተ።

ሥራ የለበትም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሚስቱ ሰማያዊውን ሶፋ ስታይ ምን እንደምትል ሲያስብ ቆየ። ኋላ ወተት ቀዳና "እሜቴ" አለ። የለችም። ናሙናው ባዶ ነው። ቧንቧው ሥር የለችም፣ ስፖንጁ ክምር ላይ የለችም፣ አልጋው ሥር ተንበርክኮ አየ፣ የለችም። የሰርዲን ቆርቆሮ ከፍቶ ወደ መንገድ ወጣ።

"እሜቴ! የኔ እናት! ነይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው!"

መስኮቶች ተከፈቱ። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ "ሚስቱን ነው?" ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ።

"ድመቷ ጠፋች" አለ ሶፋ ሰሪው። "መኪና ገጭቷት እንዳይሆን።"

"ሚስትህ ሻንጣ ይዛ በዚህ መንገድ ስትሄድ እኮ እስከ በሩም አልወጣህ" አለው ፀጉር አስተካካዩ። "ሰርዲንም አልያዝክም።"

የሰውየው እጅ ሚስማር ፍለጋ ወደ ቆርቆሮው ገባ፤ ያገኘው ግን ሰርዲን ነው። በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት።

"አባዬ፣ ሶፋው በጣም ያምራል። እማዬም ዝም ብላ እየዳሰሰችው ነው። ግን አንድ ነገር አለ፤ ባሌ ከተቀመጠበት ጀምሮ ያስነጥሰዋል። አቧራ ነው መሰለኝ። ደግሞ ስፕሪንጉ ይጮሃል።"

"ስፕሪንግ አላደረግሁበትም" አለ አባቷ።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከወደ ሶፋው በኩል፣ ቀጭን ሚያውታ ተሰማ።

ሶፋ ሰሪው የጨርቅ መቀሱን ከሥራ ቤቱ አንስቶ ኪሱ ከትቶ፣ ሥራ ቤቱን ሳይዘጋ፣ ሰርዲኑን እንደያዘ ሄደ። የማለበትን ደጃፍ ሲረግጥ መማሉ ትዝ ይበለው አይበለው እንጃ። በሩን የከፈተለት አማቹ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ "እንደምን ዋሉ አባባ" ሊል ፈልጎ አስነጠሰ። ልጁ ሕፃኑን ታቅፋ ጥግ ላይ ቆማለች። ሰማያዊው ሶፋ ሳሎኑ መሐል ተደፍቶ ሆዱን ሰጥቷል። ከውስጡ ድምፅ አይሰማም።

ሰውየው ተንበረከከና ጆሮውን ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ለጠፈ። ዝም። ሞታለች አለ በልቡ። አፉን ወደ ጨርቁ አስጠጋ።

"እሜቴ" አለ፣ ልጁ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ። "እሜቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላይሽ ዘጋሁብሽ። አንቺ ከሌለሽ ቤቱ ቤት አይደለም፣ ሻይ እንኳን ብቻዬን አይወርድልኝም። ወንበሩም ያንቺ ነው፣ ሁለተኛ አልናገርሽም። ይቅር በይኝና ድምፅሽን አሰሚኝ፣ የኔ እናት።"

ከውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሰውየው መቀሱን አውጥቶ የገዛ ሥራውን ቀደደው። እሜቴ ጢሟ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ ተለጥፎባት ወጣች፣ ተንጠራራች፣ ሰርዲኑን አየችው፣ እሱን አላየችውም። በአጠገቡ አልፋ ከኋላው ወደቆሙ ሁለት እግሮች ሄዳ ታከከች። እሱም ዞሮ አየ። ሚስቱ በወጥ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ይዛ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ድመቷን አንስታ አቀፈቻት። "ናሙናው ላይ ነው የምትተኛው አሉኝ" አለች። "ፀጉር አስተካካዩ ነው የነገረኝ። እውነት ነው?"

እዚህ ላይ የሚባል ነገር ነበር። ደህና ሰው ቢሆን ያገኘው ነበር።

"እሷ እኮ ክብደት የላትም" አለ ሶፋ ሰሪው።

አማቹ ማስነጠሱን አቆመ። ልጁ በሕፃኑ ብርድ ልብስ ፊቷን ሸፈነች።

"እሷ ይቅርታዋን አግኝታለች" አለች ሚስቱ። "እኔ ገና አልተጠየቅሁም።"

አንድ ቃል እኮ ነው። እዚያው ቦታ፣ እዚያው ጉልበት ላይ፣ አሁን ለድመት ያለውን መድገም ብቻ ነበር። እጁ ግን ኪሱ ገባ። የሥራ ኪስ መቼም ሚስማር አያጣም። አፉን ሞላና "እምምም" ብሎ ወደ ቀዳዳው አመለከተ። ቀዳዳውን ደፈነ፣ በደንብ ደፈነ፣ ሶፋውን ከአማቹ ጋር አቃንቶ በር ላይ ደረሰ። ድመቷን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ሚስቱ "እዚህ ትቆይ" አለች። አማቹ "ግድ የለም እማማ" ብሎ አስነጠሰ።

ቤቱ ሲገባ ወተቱ በብርጭቆው እንዳለ ነው። ናሙናው ባዶ ነው፣ የሚሻማው የለም፣ እሱ ግን ልማድ ሆኖበት በርጩማው ላይ ተቀመጠ። በማግስቱ ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔ አሰመረና ቆሞ ጠበቀ፤ መስመሩ ላይ የሚጋደም አልመጣም። እሜቴ ናፈቀችው። ቆይቶ ግን ከእሜቴ በላይ የናፈቀችው ሌላ እንደሆነች፣ ያንን ሁሉ ወሬ ሲያወራ የነበረውም ለእሷ እንደሆነ ገባው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ በሶፋም አይታሽም።

ከቀናት በኋላ ልጁ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ ሚስቱ ራሷ ከፈተች። ቀጥሎ ያደረገውን ሰፈሩ ሲሰማ ሳምንት ሙሉ ስቆበታል፤ ጥርስ ሐኪም ፊት እንዳለ ሰው አፉን በሰፊው ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳያት። ከዚያ ተናገረ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ለማን ነው?"

"ላንቺ ነዋ።"

ሴትየዋ በር ተደግፋ አየችው። ዓይኗ ውኃ ሞላ፣ ግን የዋህ ሴት አይደለችም። "ያኔ ተነሺ ያልከኝ እነማን ፊት ነበር?" አለችው።

"ፀጉር አስተካካዩ... ሁለት ደንበኞችም ነበሩ።"

"እንግዲያው ታውቃለህ" አለችና ሻንጣዋን ልታወጣ ገባች።

ሥራ ቤቱ ሲደርሱ ያኔ የነበሩት ተጠሩ፤ ከደንበኞቹ አንዱ አልተገኘም። አንደኛው ከፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደተቀባ ተነስቶ መጣ። ፀጉር አስተካካዩም ምላጩን ይዞ ገባ። ሚስቱ ሻንጣዋን አስቀመጠች፣ እሜቴን ከቅርጫት አወጣቻትና ቆመች። ሶፋ ሰሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያኔ ያልኩት ነውር ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"እኔ አልሰማሁም" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ትንሽ ጮክ በል።"

ጮክ ብሎ ደገመው። ባለ አረፋው ሰውዬ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱም ሄዳ ናሙናው ላይ ተቀመጠች። መደገፊያውን ያዘች፣ ወደ ኋላ አለች። ወደ ግራ ተንቀሳቀሰች። ወደ ቀኝ ተንቀሳቀሰች።

"አንተ" አለችው። "እዚህ ላይ ተቀምጠህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"አንድም ቀን?"

"ናሙና ነው እኮ።"

ተነሳችለት። "ና ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። የጀማሪነት ዘመኑ ሥራ ነው፤ ስፖንጁ ስስ ነው፣ እንጨቱ ያቆረቁራል፣ አንደኛው ስፕሪንግም ይህን ሁሉ ዘመን ጌታውን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ለቀቅ ብሎ አገኘው። ሰውየው ፊቱን ቋጠረ።

"እንዴት ነው?" አለች ሚስቱ።

"ይወጋል።"

"ለዚህ ነው ያስነሳኸኝ?"

እጁ ወደ ሚስማሩ ቆርቆሮ ሄደ። ቆርቆሮው ግን ሚስቱ እጅ ውስጥ ነበር። በዚህ ጊዜ እሜቴ ዘላ ጭኑ ላይ ወጣች፣ ሦስቴ ዞረች፣ ጥቅልል ብላ ሞተሯን አስነሳች። ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ። ሶፋ ሰሪው ስፕሪንጉን ሊሸሽ ወገቡን ብድግ አደረገ።

"ቁጭ በል" አለችው ሚስቱ፣ የእናቷን በርጩማ ስባ ተቀምጣ፣ በእሱ ብርጭቆ ሻይ እየቀዳች። "ድመቷን አታስነሳ።"

ሻዩ ትኩስ ነበር፣ እሷም አልቸኮለችም።